ከዚራ ያለችው ታፔላ የሌላት መጽሐፍ ቤት፣ እና ከሷ ተከራይቼ ያነበብኩት የሰርቦች ታሪክ

ድሬዳዋ ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ስር ወደ ለገሃሬ ስትሄዱ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት ጎን ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ክፍል አለች። ታፔላ የላትም፣ ብዙ ሰው የዕቃ ማስቀመጫ መስሎት ነው የሚያልፋት፣ እኔ ራሴ ስንት ዓመት እዛው በር ላይ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ ውስጥ መጽሐፍ እንዳለ አላውቅም ነበር። አሮጌ መጽሐፍ ይሸጣል ይገዛል፣ ዋናው ሥራቸው ግን ማከራየት ነው። አቦ ድሬ ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ጠፍቷል የምትሉ ካላችሁ አልጠፋም። ባለቤቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ፈረንሳይኛውንም እንግሊዝኛውንም ያነባሉ፣ ስማቸውን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኳቸው እዚህ ጋሼ ብቻ ነው የምላቸው።

እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁ። እናቴ የሐረር ልጅ ናት፣ ጀጎል ውስጥ ነው ያደገችው፣ ልጅ ሆነን ክረምት እዛ ስንሄድ ትልልቆቹ ወሬ ሲያወሩ "በግብፆቹ ጊዜ" የምትል ነገር መሃል ላይ ትገባለች፣ ያኔ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። በኋላ ነው ያነበብኩት፣ በፈረንጅ 1875 ራኡፍ ፓሻ ጦር ይዞ ሐረር ገባ፣ አሚር መሐመድ ኢብን ዓሊ ተገደሉ፣ አሥር ዓመት ገዝተው በ1885 ለቀው ወጡ። ጦሩ የግብፅ ነው ግን ኸዲቭ የሚባለው የግብፅ ገዢ ራሱ በስም የኢስታንቡሉ ሱልጣን የበታች ነበር። እና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጋ ገብቼ ስለ ኦቶማን ቱርክ አገዛዝ የሚያወራ ነገር አለ ወይ አልኳቸው፣ ለምን ፈለግከው አሉኝ፣ የሐረሩን ነገር ነገርኳቸው። ወንበር ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወረዱና አቧራውን በእጃቸው ጠርገው "አሥር ዓመት የቆዩበትንማ ከእናትህ ሰምተሃል፣ አራት መቶ ዓመት የቆዩበትን ደግሞ አንብበህ ና" አሉኝ። የሰርቦች ታሪክ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰርቢያን የማውቃት በኳስ ነው።

የኪራዩ ነገር እንዲህ ነው፦ መያዣ 400 ብር ታስይዛላችሁ፣ ለሳምንት 50 ብር ትከፍላላችሁ፣ መታወቂያ አይዙም፣ ስልካችሁን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ በቃ። ቴሌብርም ይቀበላሉ። መጽሐፉን ስትመልሱ መያዣው ሳይሸራረፍ ይመለሳል። እኔ በጠቅላላ ሦስት ሳምንት ያዝኩት፣ አንድ ቀን አሳልፌ ነበር ምንም አላሉኝም። የመጽሐፉ ሁኔታ ግን መነገር አለበት፣ ሽፋን የለውም፣ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች የሉም፣ ስለዚህ ርዕሱም የጻፈው ሰውም አይታወቅም፣ ጥራዙ በእስኮች ነው የተያዘው። ይሄን ቀድመው ነግረውኛል። ያልነገሩኝ ሌላ ነገር ነበር እሱን እመለስበታለሁ።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው መጽሐፉ ላይ እንዳለው።)

የሚጀምረው ከኮሶቮ ጦርነት ነው፣ 1389። በአንድ ወገን ልዑል ላዛር በሌላው ሱልጣን ሙራድ አንደኛ፣ ሁለቱም በዛው ቀን ሞቱ። እኔ ሰርቦቹ በዛች ቀን ወድቀው በነጋታው ቱርክ የገዛቸው ነበር የሚመስለኝ፣ ነገሩ እንደዛ አይደለም፣ አገሩ ሙሉ በሙሉ እስኪያዝ 70 ዓመት ፈጅቷል፣ እና ለኔ ከጦርነቱ በላይ ያመመኝ ይሄ 70 ዓመት ነው። የላዛር ልጅ ስቴፋን ግብር ከፋይ ሆነ፣ እህቱ ኦሊቬራ ለሱልጣን ባየዚድ ተዳረች፣ ባየዚድ ማለት አባቷ በሞተበት ጦርነት የሞተው የሙራድ ልጅ ነው እንግዲህ፣ ከዛ በ1402 አንካራ ላይ ቱርኮቹ ከመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ ከቲሙር ጋር ሲዋጉ ስቴፋን ጦሩን ይዞ ከባየዚድ ጎን ተሰልፎ ተዋጋ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ጁራጅ ብራንኮቪች ደግሞ በዳንዩብ ዳር ስመደሬቮ የሚባል ትልቅ ምሽግ ሠራ፣ ሴት ልጁን ማራን ለሙራድ ሁለተኛ ዳረ፣ አማች ሆነን ተዛመድን ሲል በ1441 ያው ሱልጣን የጁራጅን የሁለት ወንዶች ልጆች ዓይን አስጠፋ። የማራ ወንድሞች ናቸው እኮ። እሷ እዛው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆና ነው ይሄን የሰማችው። ስመደሬቮ በ1459 ወደቀ፣ የሰርቦች መንግሥት የሚባል ነገር እዛ ጋ አበቃ።

መጽሐፉን እስከዚህ በሁለት ማታ ጨረስኩ ከዛ ፍጥነቴ ቀነሰ። ምክንያቱም ከዛ በኋላ ጦርነት ሳይሆን ኑሮ ነው የሚያወራው። ስፓሂ የሚባል ፈረሰኛ ለወታደርነቱ ደሞዝ በመንደሩ ምርት ላይ ገቢ ይሰጠዋል፣ ገበሬው ከምርቱ ድርሻ ለሱ ይሰፍራል፣ ክርስቲያን ስለሆነ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ለሱልጣኑ ግብር ይከፍላል። ይሄን ሳነብ ስለ ገባርና ስለ ጭሰኛ አያቴ የሚነግሩን ነው የመጣብኝ፣ ቃሉ ይለያያል እንጂ ጎተራው ያው ጎተራ ነው። ጸሐፊው ግን አንድ ነገር በደንብ ይለያል፣ መጀመሪያ አካባቢ ግብሩ የተወሰነና የታወቀ ስለነበር ገበሬው ከድሮ ጌቶቹ ጊዜ ያልከፋበት ቦታ ነበር ይላል፣ የከፋው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማዕከሉ ሲዳከምና በየቦታው ያለው ጉልበተኛ መሬቱን የራሱ ማድረግ ሲጀምር ነው። ይሄን መለየቱን ወድጄለታለሁ፣ አራት መቶ ዓመትን እንደ አንድ ቀን ከሚጽፉ ሰዎች ይሻላል።

ቆይ የመሲንቆውን ሳልነግራችሁ። ጉስሌ የሚባል መሣሪያ አላቸው፣ አንድ ክር፣ ክሩ የፈረስ ጭራ፣ በቀስት እየተገዘገዘ የሚጫወቱት። ገጹ ላይ ሥዕሉ ነበር፣ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት "ይሄማ መሲንቆ ነው" አለች ሳልነግራት። ኮሶቮን፣ ላዛርን፣ ሙራድን ገደለው የሚሉትን ሚሎሽ ኦቢሊችን፣ ይሄን ሁሉ መጻፍ የማያውቅ ገበሬ ለልጅ ልጆቹ ያቆየው በጉስሌ ነው፣ አዝማሪው ዓይነ ስውር የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ከነሱ አንዱ ፊሊፕ ቪሽኒች በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው፣ በኋላ ቩክ ካራጂች የሚባለው የቋንቋ ሰው ከሱ አፍ እየሰማ ጽፎ አስቀረው። ይሄ ቩክ ነው ሰርቢያኛን "እንደምትናገረው ጻፍ" ብሎ ፊደሉን ያስተካከለው፣ መዝገበ ቃላቱ የወጣው በ1818 ነው። መንግሥት የሌለው፣ ቤተ መንግሥት የሌለው ሕዝብ አንድ ክር ባለው እንጨት ላይ ታሪኩን ተሸክሞ 400 ዓመት መሄዱን ሳስበው ሰውነቴን ወረረኝ፣ እኛም ጋ ስንት ነገር በመሲንቆ ብቻ እንዳለፈ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ሌላው ስላቫ የሚሉት በዓል ነው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጠባቂ ቅዱስ አለው፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ቀኑ ሲደርስ ዳቦ ይጋገራል፣ ሻማ ይበራል፣ የተቀቀለ ስንዴ ይቀርባል፣ እንግዳ ሳይጠራ ይመጣል። ንፍሮ በሉት ዝክር በሉት፣ እነሱ ስንዴውን በስኳርና በዋልነት ያሹታል እንጂ ነገሩ ቤታችን ነው። ቤተ ክርስቲያን ራቅ ባለበት ወይ በተዘጋበት ጊዜ እምነቱ ማዕድ ላይ ነው የቆየው።

ቤተ ክርስቲያኑን በተመለከተ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ 1557። በዛ ዓመት ኦቶማኖቹ የሰርቦቹን የፔች መንበረ ፓትርያርክ እንደገና እንዲከፈት ፈቀዱ፣ ፓትርያርክ የሆነው ማካሪዬ ሶኮሎቪች ይባላል። በዛው በ1557 ነው ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን የያዘው። አንድ ሱልጣን ሱሌይማን፣ በአንድ ዓመት፣ አንዱን ጫፍ ላይ ለክርስቲያኖቹ መንበር ሲመልስ ሌላው ጫፍ ላይ የኛን ወደብ ያዘ። የማካሪዬ ዘመድ ደግሞ (ወንድሙ ነው የሚሉም አሉ) ሶኮሉ መህመድ ፓሻ ነው፣ ከቪሸግራድ አካባቢ በልጅነቱ ተወስዶ ያደገ፣ እስከ ታላቁ ቪዚርነት (የሱልጣኑ ዋና ሚኒስትር ማለት ነው) የደረሰ፣ ከ1565 እስከ ተገደለበት 1579 ድረስ ሦስት ሱልጣኖችን ያገለገለ ሰው። በትውልድ አገሩ በድሪና ወንዝ ላይ 11 ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ አሠርቷል፣ መሐንዲሱ ታዋቂው ሲናን ነው፣ ዛሬም ቆሟል።

"በልጅነቱ ተወስዶ" ያልኩት ዴቭሺርሜ የሚሉት ነው፣ እሱን ምዕራፍ በአንድ ቁጭታ መጨረስ አልቻልኩም። በየጥቂት ዓመቱ ሹማምንቱ ክርስቲያን መንደር ይመጣሉ፣ ወንዶች ልጆች ይሰለፋሉ፣ ጠንካራና ንቁ የሆኑትን መርጠው ይወስዳሉ፣ ይሰልማሉ፣ ቱርክኛ ይማራሉ፣ ጃኒሳሪ የሚባል የሱልጣኑ ወታደር ወይ የቤተ መንግሥት ሰው ይሆናሉ። ላንዱ ወላጅ አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ አይወሰድም፣ ያገባም አይወሰድም፣ ስለዚህ ልጃቸውን ገና ሳይደርስ የሚድሩ ቤተሰቦች ነበሩ። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ አለኝ። ያን ቀን ማታ መጽሐፉን ዘግቼ ልጄ የተኛበት ክፍል ሄጄ ቁጭ አልኩ። ከነዛ ልጆች አንዳንዱ ቪዚር መሆኑ እናቱን ምን ያህል እንዳጽናናት መጽሐፉ አይልም፣ ሊልም አይችልም።

ከዛ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበል፦ በ1590ዎቹ ባናት የሚባል አካባቢ ያሉ ሰርቦች ሲያምጹ ኦቶማኖቹ የሰርቦች ቤተ ክርስቲያን መሥራች የሆነውን የቅዱስ ሳቫን አጽም ቤልግሬድ ላይ አቃጠሉ። በ1690 ደግሞ ኦስትሪያ ጦሯን አስገብታ ሰርቦቹ አብረዋት ተነስተው ስታፈገፍግ ለበቀሉ ብቻቸውን ቀሩ፣ ፓትርያርክ አርሰኒዬ ሦስተኛ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ኦስትሪያ ግዛት ተሰደደ፣ እስከ ቡዳ ከተማ (የዛሬዋ ቡዳፔስት) አጠገብ ድረስ የሄዱ አሉ። የፔች መንበር በ1766 መልሶ ተዘጋ። ጫካ የገቡት ሃይዱክ ይባላሉ፣ በኛ ሽፍታ ማለት ነው፣ በጊዮርጊስ ቀን ጫካ ይገናኛሉ፣ በቅዱስ ድሜጥሮስ ቅጠሉ ሲረግፍ ይለያዩና ክረምቱን በወዳጅ ቤት ይደበቃሉ፣ ምክንያቱም ቅጠል የሌለው ጫካ አይሸሽግም። ይቺን ዝርዝር በጣም ነው የወደድኳት።

እና ገጽ 213 ላይ ስደርስ መጽሐፉ አለቀ። ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ። ሃጂ ሙስጠፋ ፓሻ የሚባል የቤልግሬድ ገዢ ነበር፣ ሰርቦቹን በደንብ ስለያዘ "የሰርቦች እናት" ይሉት ነበር፣ በ1801 ሥርዓት የለቀቁ ጃኒሳሪዎች ገደሉት ይልና ቀጥሎ... የለም። ሲሶው የመጽሐፉ ተገንጥሏል። በጣም ነው የተናደድኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፍዬ ያነበብኩት ነገር የነጻነታቸው በር ላይ ሲደርስ ሲቆረጥ ምን ይሰማችኋል፣ እና መጀመሪያውኑ ለምን አልተነገረኝም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት በዛ ሙቀት ሄጄ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "ጋሼ ይሄ እኮ ጎደሎ ነው፣ ሲያከራዩኝ መንገር ነበረብዎት" አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፣ ቅር ብሎኛል አሁን።

ጋሼ አልተቆጡም። "ልክ ነህ ልጄ፣ ረስቼው ነው፣ ይቅርታ" አሉና ከጠረጴዛው ስር አንድ ጥቁር ክላሰር አወጡ። ውስጡ የጎደለው ክፍል በሙሉ በፎቶኮፒ አለ፣ ሌላ ቅጂ ከአንድ ወዳጃቸው ተውሰው ገጽ በገጽ ያስገለበጡት፣ ፈዘዝ ያለውን መስመር በእርሳስ አድምቀውታል። ለክላሰሩ አላስከፈሉኝም። ቬንትሌተሩ ስር ወንበር ሰጡኝና እዛው ጀመርኩ።

በ1804 መጀመሪያ ዳሂ የሚባሉት የጃኒሳሪ አለቆች ሕዝቡ ሊነሳ ነው ብለው ሰርብ የመንደር ሹማምንትን እየለቀሙ በአስር የሚቆጠሩትን አንገት ቆረጡ። ያሰቡት እንዳይነሱ ነበር፣ የተነሱት በሱ ምክንያት ነው። በየካቲት ኦራሻጽ በምትባል መንደር ተሰብስበው ካራጆርጄን መሪ አደረጉ፣ ሥራው አሳማ ነጋዴ ነው። እዚህ ጋ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አቋረጡኝና ይሄን በደንብ አንብበው አሉኝ፦ ሲጀምሩ በሱልጣኑ ላይ አልተነሱም፣ ዳሂዎቹ ላይ ነው፣ የሱልጣኑን ፓሻ የገደሉት ራሳቸው ዳሂዎቹ ናቸውና ሱልጣኑም መጀመሪያ ጠላቴ ናቸው አላለም፣ የሱልጣኑን ጦር ፊት ለፊት የገጠሙት በሚቀጥለው ዓመት በ1805 ነው። ጋሼ ሙስሊም ናቸው እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ድሬ ውስጥ ይሄ ወሬ አይደለም፣ ግን መጽሐፉን የሃይማኖት ጥል ብቻ አድርጌ እንዳላነበው እንደፈለጉ ገብቶኛል፣ "እናታችን ብለው የጠሩት ፓሻ ሙስሊም ነበር፣ የገደሉትም ሙስሊሞች ናቸው፣ ገበሬው የሚያየው የሚበላውንና የሚያበላውን ነው" አሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፣ የቅዱስ ሳቫ አጽም ሲቃጠል ገበሬው ያየው ጎተራውን ብቻ አይደለም አልኳቸው፣ ጥቂት አሰቡና "እሱም አለ" አሉ። እንዲህ የሚያወያይ መጽሐፍ ቤት ከየት ታመጣላችሁ።

አመፁ ቤልግሬድን ያዘ፣ በ1808 ዶሲቴይ ኦብራዶቪች የሚባል ሊቅ እዛ ከተማ ትልቅ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ጦርነት መሃል ትምህርት ቤት። በ1809 ኒሽ አጠገብ ቼጋር ኮረብታ ላይ ስቴቫን ሲንጄሊች የሚባል የሰርቦቹ አዛዥ ምሽጉ ሲሰበር ባሩዱ ላይ ተኩሶ ራሱንም የገቡበትንም አጠፋ፣ ከዛ የኦቶማኑ አዛዥ የሞቱትን ሰርቦች ጭንቅላት አስለቅሞ 952 የራስ ቅል ያለበት ግንብ መንገድ ዳር አሠራ፣ የሚያልፍ ሁሉ አይቶ እንዲፈራ። ቤተሰብ ማታ ማታ እየሄደ የዘመዱን ነው ያለውን ራስ ቅል እየነቀለ ቀበረ፣ ዛሬ 58 ብቻ ነው የቀረው። ጋሼ እዚህ ገጽ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት አድርገዋል ሌላ ምንም አልጻፉም።

በ1813 ሁሉም ተመልሶ ተያዘ፣ ካራጆርጄ ሸሸ። በ1815 ታኮቮ ላይ በሆሳዕና ቀን ሚሎሽ ኦብሬኖቪች ሁለተኛውን አመፅ አስነሳ፣ ሚሎሽ ግን ከመዋጋቱ ይልቅ መደራደሩ ይበልጣል፣ በ1817 ካራጆርጄ ተደብቆ ሲመለስ ያስገደለው እሱ ነው፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ኢስታንቡል ተላከ። ጠላት ያልገደለውን የራሱ ሰው ገደለው፣ ይሄን ሳነብ ለማንም አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ ግን አዘንኩ። በዛው በሚሎሽ ብልሃት በ1830 ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ፈርማን የሚባል የሱልጣን ትእዛዝ ወጣ። በ1862 ቤልግሬድ ውስጥ በአንድ የውሃ ቦኖ ጋ በተነሳ ጠብ አንድ ሰርብ ልጅ ተመታ፣ ከተማው ተበጣበጠ፣ ምሽጉ ውስጥ ያለው የቱርክ ጦር ከተማውን በመድፍ ደበደበ። አምስት ዓመት ቆይቶ በ1867 የምሽጎቹ ቁልፍ ለልዑል ሚሃይሎ ተሰጠና የመጨረሻው ጦር ወጣ፣ በ1878 በበርሊን ጉባኤ ላይ ነጻነታቸው ታወቀ። ከስመደሬቮ እስከዛ 419 ዓመት። ከቁልፉ ርክክብ በኋላ ስምንት ዓመት ነው ራኡፍ ፓሻ ሐረር የገባው፣ አንድ ቦታ ሲለቁ አንድ ቦታ ሲገቡ።

አሁን ስለ ቤቱ የቀረውን ልንገራችሁ። ጥሩው፦ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፣ ሰውዬው ያከራዩትን ሁሉ አንብበውታል፣ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል ማንም አያስነሳችሁም። መጥፎው፦ የአማርኛ ታሪክ መጽሐፍ ጥቂት ነው አብዛኛው ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ፣ ዝርዝር የላቸውም ምን እንዳለ የሚያውቁት በጭንቅላታቸው ነው፣ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ አይቻልም፣ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት በሩ ይዘጋል ድሬ ስለሆነ ይገባኛል ግን በር ላይ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ሁለቴ ለከንቱ ተመላልሻለሁ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ወይ አመሻሽ ሂዱ። መጽሐፍ ስትከራዩ መጨረሻውን ገልጣችሁ እዩ፣ ጎደሎ ከሆነ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ክላሰር አላቸው።

የሰርቦቹን መጽሐፍ ማክሰኞ መልሻለሁ፣ አሁን መደርደሪያው ላይ ነው። ገጽ 213 ላይ ጋሼን አስፈቅጄ "ቀሪው ጥቁሩ ክላሰር ውስጥ አለ" የሚል ወረቀት በእስኮች ለጥፌበታለሁ።